ደረቀ የማይባለው ውሃ

ቡና ቀማሾች የአገሬን ቡና ሲያሞግሱ የአበባ ቃና አለው ይላሉ። አልከራከራቸውም፤ በምላሳቸው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ኅዳር ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ ስሄድ በሚኒባሱ መስኮት የገባው ሽታ ግን የአበባ አልነበረም። የሰነበተ የጠጅ አተላ የመሰለ፣ ጎምዛዛ፣ ከሥሩ የሚበሰብስ ነገር ያለበት ሽታ ነው። አፍንጫዬን በነጠላዬ ስሸፍን አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አየኝና ሳቀ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የብር ሽታ ነው።»

እማማ ማለቱን ይቅር አልኩት። ሌላውን አልቻልኩም። ያ ሽታ ወደ መንደራችን የገባበትን ዓመት አውቀዋለሁ። ሲመጣ በር ላይ ቆሜ አትግባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም። እውነቱን በሰዓቱ የተናገረ ሰው አንድ ነገር ያድናል የሚሉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ጸሐፊዎቹ ሴት ልጅና አምስተኛ ክፍል ሆነው አያውቁም።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው። ማብቂያ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም፤ ፎቶግራፋቸው ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ሁላችንንም ከዘላለም ያየን ነበር። የምንኖረው ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ እንሰትና ቡና ተሻምተው በበቀሉበት ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱ ዲላ የሚኖሩ የአንድ ግራዝማች ነው፤ እኛ ጭሰኞቻቸው ነን። ሕዝባችንን ራሱን መንግሥት የሚጠራው እኛ ባላወጣነው ስም ነበር። ስለዚህ ምደባ የሚባለውን ነገር ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ ተመድቤ ነው የተወለድኩት።

ከተዳፋቱ ግርጌ ውሃ ነበረ። ስም የለውም፣ ውሃው ነው የምንለው። አያቴ በራሶ ጠባቂው ነበር፤ ጠባቂነቱን ከአባቱ ወርሶታል። ሥራው ሥራ አይመስልም። ማለዳ ወርዶ ለውሃው ሰላምታ ይሰጣል፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ያነሳል፣ ከመቅጃው በላይ ልብስ የምታጥብ ሴት ካገኘ ይገስጻል። የኔ ድርሻ መቅዳት ነው። እንስራዬን አዝዬ ስወርድ እሱ ቀድሞኝ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ውሃው ከሩቅ አይታይም፣ ይሰማል፤ መጀመሪያ ከርጥብ ኮባ ቅጠል በስተጀርባ እንደሚንሾካሾኩ ሴቶች፣ ቀረብ ሲሉ ደግሞ እንደ ሳቅ። ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ ጥርሴ ድረስ ይቀዘቅዘኝ ነበር።

በጥርና በየካቲት ግን ውሃው የለም። ድንጋዮቹ ነጥተው ይቀራሉ፤ አሸዋውን ቆፍረን ከሥር የሚያዥውን በቅል እንጨልፋለን። በነዚያ ሳምንታት ከመንደራችን ሰው ማንም «ደረቀ» አይልም። ተኝቷል ነው የሚባለው። ወደ ጉድጓዱ በዝግታ ይኬዳል፣ ልጅ አይጮኽም፣ ከብት አይነዳበትም። የበልግ ዝናብ እስኪቀሰቅሰው ድረስ በሽተኛ እንዳለበት ቤት ነው የሚገባው። የተኛን ውሃ ደረቀ ያለ ሰው በአፉ ገደለው ይባላል። እናቴ የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ገብታ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ውሃ ውስጥ ምንም መንፈስ የለም ትል ነበር። ትላለች እንጂ፣ በየካቲት ወደ ጉድጓዱ ስትወርድ ጫማዋን ታወልቃለች።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ መምህራችን ጋሽ ተሾመ የወንዝ ትምህርት ጀመረ። ከሰሜን የመጣ፣ ቀጭን፣ ጭቃችንን የሚጠላ ሰው ነው።

«ወንዝ ምንድን ነው?» አለ።

«ውሃ ነዋ ጋሼ» አለ ከማል። አባቱ ከመሀል አገር መጥቶ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ ከማል የሱቁን አፍ ይዞ ነው ክፍል የሚገባው።

«ጅረትስ?»

«ድሃ ወንዝ።»

ጋሽ ተሾመ እንዳይስቅ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ከዚያ እየጻፈ ነገረን። ወራጅ ውሃ በወለሉ ይመደባል፤ አለታማ፣ ጠጠራማ፣ አሸዋማ፣ ጭቃማ። በፍጥነቱና በስፋቱ ይመደባል። በቀለሙም፣ ጥርት ያለና ድፍርስ ተብሎ። በዕድሜም ይመደባል፤ በተራራ እየዘለለ የሚወርደው ወጣት፣ በሜዳ እየተልፈሰፈሰ የሚሄደው ሽማግሌ ነው። ይሄኛው በወጉ አልገባኝም። ውሃ ሲጓዝ የሚያረጅ መሰለኝና ከኛ ተነስቶ ዲላ ሲደርስ የአያቴ እኩያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ታዲያ ማታ እንስራ ውስጥ ያሳደርነው ጠዋት ለምን እንዳላረጀ ማንንም ልጠይቅ አልቻልኩም።

የመጨረሻውን ምደባ ጋሽ ተሾመ ከሥሩ አሰመረበት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ፣ ወቅት ጠብቆ የሚፈስ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚመጣ ደራሽ። እኔ ይህን እንደ ማዕረግ ነው የተረዳሁት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ግራዝማች ነው፣ ደራሹ ሽፍታ ነው፣ መሀል ያለው እኛ ነን።

በየተራ እየተነሳን የምንቀዳውን ውሃ መደብን። ከማል ተነሳ።

«የኛ ወንዝ በአህያ ነው የሚመጣው ጋሼ። ወለሉ በርሜል ነው። ፍጥነቱ እንደ አህያዋ ፀባይ።»

«ተቀመጥ አንተ ዱርዬ። አንቺስ?»

ተነሳሁ። ወለሉ አለታማ፣ ፍሰቱ ፈጣን፣ ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ስፋቱ አያቴ በአንድ እርምጃ የሚሻገረው፣ እኔ የምዘለው። ይህን ሁሉ በኩራት ተናገርኩ።

«ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል?»

 «በየካቲት ይተኛል» አልኩ።

«አልጋ አለው?» አለ ከማል፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ይደርቃል ማለት ነው» አለ ጋሽ ተሾመ፣ ሳይከፋ፣ ሳይጮኽ። «ወቅታዊ ጅረት። ተቀመጪ።»

በአንድ ቃል ከማዕረግ ወረድን። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ልጆቹ «ወቅታዊት» ብለው ይጠሩኝ ነበር።

ማታ ለአያቴ ነገርኩት። ቤት ውስጥ የምናወራው በቋንቋችን ነው፤ በዚያ ቋንቋ «ደረቀ» የሚለውን ገና ሳልጨርሰው ሻካራ ጣቱን ከንፈሬ ላይ አሳረፈ።

«መምህርሽ» አለ፣ «ሰው ታሞ ሲተኛ ቀባሪ ይጠራል?»

«ወቅታዊ ነው አለ እንጂ...»

«እኔም ወቅታዊ ነኝ። ይህን ፊቴ ላይ ቆሞ የሚነግረኝ ሰው ግን ባለጌ ነው።»

በግንቦት ወሬ መጣ። ግራዝማች ከአዲስ አበባ ሰው አምጥተው ቡና ማጠቢያ ሊያቆሙ ነው ተባለ። እስከዚያን ጊዜ ቡናችንን ከነቅርፊቱ አድርቀን፣ ጀንፈል አድርገን ነበር የምንሸጠው። ማጠቢያ ሲሉ በሳሙና መሰለኝ፤ ተቆልቶ ለሚጠቁር ነገር ይህ ሁሉ ንጽሕና ምን ያደርጋል እያልኩ እገረም ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም። ማጠቢያ ከቆመበት ወንዝ በታች የተዳረች እህት ነበረቻት። እሷ ለጥየቃ መጥታ ስትነግረን ሰምቻለሁ።

«ማሽኑ የቡናውን ቅርፊት ይልጥና እዚያው ወንዙ ውስጥ ይተፋዋል። ላሞቹ ውሃውን ያሸቱና ይመለሳሉ። ላም የተመለሰችበትን ውሃ እኔ ለልጄ አጠጣለሁ፤ ምን ላድርግ?»

በዚያን ሰሞን መንደሩ በሙሉ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ሰውየው መጥቶ ውሃችንን አይቶ እንዲንቀው።

ሰውየው በግንቦት ማለቂያ፣ የበልጉ ዝናብ ውሃውን አሳብጦት በሞላበት ጊዜ መጣ። ኢንጂነር ነው፤ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቡትስ አድርጓል። ግራዝማች ከላንድሮቨሩ አልወረዱም። ሽማግሌዎቹ ሶንጎ የሚቀመጡበት፣ ነገር የሚዳኙበት ትልቅ ዛፍ ከውሃው ዳር ስለሆነ ሁሉም እዚያ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ከኋላ ቆምን።

ኢንጂነሩ ያደረገውን ሁሉ አውቀው ነበር። ሜትር ዘርግቶ ስፋቱን ለካ። ቅጠል ጣለና ሰዓቱን እያየ ተከተለው። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ዳሰሰ። የጋሽ ተሾመን ፈተና እየሠራ ነበር፤ ሁሉንም እያገኘውም ነበር። ደስ አለኝ፤ ምን ዓይነት ሞኝ ነበርኩ!

«ወለሉ ጥሩ፣ ፍሰቱ ጥሩ፣ ውሃው ንጹህ ነው» አለ። «የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በበጋ የሚቋረጥ ከሆነ ለኛ አይሆንም። ከማዶ ሸለቆ ሌላ ወንዝ አይተናል፣ ወደዚያው እንሄዳለን። የውሃው ባለቤት ማነው?»

ሁሉም ወደ አያቴ ዞሩ። እናቴ ትከሻዬን ጨምቃ ያዘችኝ። አያቴ ማድረግ ያለበት ያየነውን፣ የቆፈርነውን፣ በቅል የጨለፍነውን መናገር ብቻ ነው።

የአያቴ አማርኛ በፍርድ ቤት ደጅ የተማረው ነው። ወጣት ሳለ የተወሰደበትን መሬት ለማስመለስ ዓመታት ተሟግቷል፤ ስለዚህ በአማርኛ ሲናገር ምንጊዜም አቤት እንደሚል ሰው ነበር። ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። ለኢንጂነሩ መሰለኝ። ኋላ ሳስበው ግን ፊቱ ወደ ውሃው ነበር።

«ይሄ ውሃ አትደርቅም፣ ጌታዬ» አለ። «አባቴ ሲነግረኝ፣ አባቱም ሲነግረው፣ አንድ ቀን አልደረቀችም።»

«ይደርቃል!»

የጮኽኩት እኔ ነኝ። «በየካቲት አሸዋ ቆፍረን ነው የምንቀዳው! ወቅታዊ ጅረት ነው፤ ጋሽ ተሾመ ብሎናል!»

 ውሃው ብቻ ያወራ ነበር። ኢንጂነሩ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አምስተኛ።»

«ጎበዝ። በርቺ» አለኝ። ከዚያ ወደ አያቴ ተመልሶ በአክብሮት አንገቱን ሰበር አደረገ። «ሽማግሌ እያለ ልጅ አይጠየቅም። አመሰግናለሁ አባቴ፣ ቃልዎ ይበቃኛል።»

አያቴ ስለ መሬቱ እውነቱን ሲናገር ዳኛው አላመነውም። ስለ ግብሩ ሲናገር ጭቃ ሹሙ አላመነውም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ኮፍያውን አይቶ፣ ሽበቱን አክብሮ፣ ቃሉን ሳይመረምር ተቀበለው፤ ያንን አንድ ጊዜ። ለሽማግሌ ቃል ክብር ይሰጥ የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ ባየሁ ቁጥር ያ ኢንጂነር ትዝ ይለኛል። እንደሱ ያለ ጨዋ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ላንድሮቨሩ ሳይርቅ የእናቴ ጥፊ አፌ ላይ አረፈ። ውሃ ውስጥ መንፈስ እንደሌለ አፏ ያምናል፤ እጇ ግን ገና አላመነም ነበር።

«በውሃው ጆሮ ሥር! በጆሮው ሥር እንዲህ ትያለሽ?»

«እኔ እኮ እንዲሄዱልን ነው...»

«አውቃለሁ» አለች፤ እያለቀሰች ነበር። «አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ሂጂ፣ እርጥብ ሳር ንጪና ይቅርታ ጠይቂው።»

ሳር ነጭቼ ወረድኩ። ከንፈሬ ደም ደም ይለኝ ነበር። ሳሩን ውሃው ላይ ጣልኩት፤ ውሃው የኢንጂነሩን ቅጠል በወሰደበት ፍጥነት ወሰደው። አያቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

«ለምን ዋሸህ?» አልኩት።

«አልዋሸሁም።»

«ይደ...» ብዬ ተውኩት። «ይተኛል ብትላቸው እንኳ ይሄዱ ነበር።»

«የት ይሄዳሉ?»

«ማዶ።»

«ማዶ ያሉት ውሃ አይጠጡም?»

 እዚያ አላቆመም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውሃው እንዳይሰማ በሚመስል ሁኔታ፣ «ፊቱ ቆሜ፣ ለእንግዳ ሰው፣ ያውም በአማርኛ፣ ደረቅህ ልበለው?» አለኝ። «በየካቲት ከተኛበት ነቅቶ ተመልሶ የሚመጣው ለምን ይመስልሻል? እንደሞተ የነገረው ስለሌለ ነው።»

ክረምቱን ሙሉ ቆፈሩ። ከመቅጃችን በላይ ቦይ ወጣ፣ ገንዳ ተሠራ፣ በላንድሮቨር የማይመጣ ትልቅ ብረት በሰው ትከሻ ወረደ። ወንዶቻችን ተቀጥረው ቆፈሩ፤ አንዳንዶቹ እየዘፈኑ።

ጥቅምት ላይ ቡናው ቀላ፤ ማሽኑ ጮኸ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽታ ጣፋጭ ነበር። ልጆች ከቅርፊቱ ክምር ላይ እየዘለልን እግራችን እንደ ማር ተጣበቀ። ንቦች መጡ። ከዚያ ንቦቹ ሄዱና ዝንቦች መጡ። ቅርፊቱ ጠቆረ፣ ከውስጡ እንፋሎት ወጣ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ሻይ፣ ቀጥሎ እንደ ቡና አተላ ሆነ፤ ድንጋዮቹን ጣት የሚያንሸራትት ልጋግ ሸፈናቸው፤ መዝለያዬ ላይ ቢጫ አረፋ ተከመረ። ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ አይቀዘቅዝም፤ ያሳክካል። ላማችን አሸተተችና ተመለሰች።

ለጋሽ ተሾመ ነገርኩት። ምደባውን ያስተካክል እንደሆነ ብዬ ነው።

«ቀለሙ ጥርትም ድፍርስም አይደለም ጋሼ። የት ይመደባል?»

 የሸሚዙን እጅጌ እያጠፈ፣ «መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ተፈጥሮ ወንዝ ነው» አለኝ። ከማል በዚያን ቀን አልቀለደም። አህያቸው የምትቀዳውም ከኛ በታች ነበር።

መቅጃችን ወደ ሌላ ኮረብታ ምንጭ ተዛወረ። ጭጋግ ሳይገፈፍ ወጥቼ ፀሐይ ጀርባዬን ሲልጠው እመለሳለሁ፤ ትምህርት ቤት የምደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ነው፣ ኋላም መድረሱን ተውኩት። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው በደጃችን ሲያልፉ ሰላምታቸው እያጠረ መጣ። አንድ ቀን የጎረቤታችን ሚስት፣ ልጇ በተቅማጥ የታመመባት፣ አጥራችን ዳር ቆመች።

«አባ በራሶ!»

«እመት።»

«አትደርቅም ያልከው አንተ ነህ አይደል? እንኳን ደስ ያለህ። ይኸው አልደረቀም!»

አያቴ ከቤት ወጥቶ ፊቷ ቆመ። ሊመልስላት ያሰበ መስሎኝ ነበር። ኮፍያውን አወለቀና ቆመ፤ እሷ እንስራዋን አስተካክላ እስክትሄድ ድረስ ኮፍያውን አልመለሰም።

እሱ ግን ማለዳ መውረዱን አልተወም። ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ሰላም ይላል፣ በቅርንጫፍ ፈንታ ቅርፊት ያነሳል። የሚያነሳው ቅርፊት አያልቅም። እናቴ «ሰው ይስቅብሃል» ስትለው፣ «የታመመ ሰው ጠያቂ ሲያጣ ነው የሚሞተው» አላት። በታኅሣሥ ራሱ ማሳል ጀመረ።

ጥር ገና ሳይገባ ውሃው ቆመ። በየዓመቱ ከሚተኛበት ጊዜ በፊት ነው፤ ከላይ ያለው ቦይ የቀረችውን ወስዷታል። ማሽኑ ፀጥ ብሏል፣ ቡናውም ታጥቦ ሄዷል። አሁን ከአሸዋው ሥር ንጹህ ውሃ ይወጣ ይሆናል ብለን ተስፋ አደረግን። እናቴ አያቴን እንድደግፈው ላከችኝ፤ ቅሉን ይዤ ተከትዬው ወረድኩ። እንደ ወጉ በዝግታ ነበር የምንሄደው። ጫማ ያልነበረኝ ልጅ በጣቶቼ ጫፍ እረግጥ ነበር።

አያቴ ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ ቆፈረ። አላስቆፈረኝም። እስከ ክርኑ ድረስ ቆፍሮ ጠበቀ። ከሥር ያዠው ጥቂት ጥቁር ነገር ነው፤ ሽታው ከጉድጓዱ ሲወጣ ሁለታችንም ፊታችንን አዞርን። በቅሉ አልጨለፍኩም። እጁን ከአሸዋው አወጣ።

አዘንኩለት። ላጽናናው የማውቀው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ራሱ ያስተማረኝ።

«ተኝቷል፣ አባባ» አልኩት በሹክሹክታ።

አየኝ። ዓይኖቹ ውስጥ የነበረውን ያኔ ቁጣ መስሎኝ ነበር።

«ደረቀ» አለ።

ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ እዚያው፣ በጆሮው ሥር። ቅሉን ጥዬ ተነሳሁና መዳፌን አፉ ላይ ጫንኩት፣ እንደ እናቴ ሳይሆን ቀስ ብዬ፣ ውሃው እንዳይሰማው። ጢሙ እርጥብ ነበር። አልታገለኝም፤ እጄንም አላነሳውም። ከመዳፌ ሥር ግን ከንፈሮቹ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ያንኑ ቃል ደጋግሞ እያለው ነበር።